ለችግኝ ጣቢያ የትኛው ድሮን? ከእግር ቅኝት እስከ ቴርማል ካሜራ የንጽጽር መመሪያ

ድሮን ሊገዛ ለተነሳ የችግኝ ጣቢያ ባለቤት ሻጩ ቀድሞ የሚያሳየው በቀይና በአረንጓዴ የደመቀ ካርታ ነው። ካርታው ያምራል። ነገር ግን ነገ ጠዋት ሠራተኛው የትኛው መደብ ላይ ሄዶ ምን እንደሚሠራ ካልነገረ ገንዘቡ ባክኗል። የችግኝ ጣቢያ እንደ ስንዴ ማሳ አይደለም። ስንዴው በመቶ ሄክታር ላይ አንድ ዓይነት ነው። እዚህ ግን በአንድ ሄክታር ውስጥ ብዙ ዝርያ፣ የተለያየ መጠን ያለው ፖት፣ ጥቁር የመሬት ሸራ፣ የጠጠር መንገድ፣ የጥላ መረብና የውሃ ቱቦ ተደባልቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ለሰፊ ማሳ ከተጻፈው የድሮን ምክር አብዛኛው እዚህ አይሠራም።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ዕቃ ከማየት በፊት ከበረራው የሚጠበቀው ውሳኔ በአንድ መስመር ይጻፍ። በችግኝ ጣቢያ የሚነሱት ጥያቄዎች አራት ናቸው፦ ስንት ችግኝ አለን (ቆጠራ)፣ ውሃ ያልደረሰው የት ነው (መስኖ)፣ የታመመው ወይም የተራበው መደብ የቱ ነው (ጤና)፣ አዲሱ መደብ የት ይስፈር፣ ጎርፉስ በየት ይውጣ (ዕቅድ)። አራቱንም እኩል የሚመልስ ካሜራ የለም። ውድ ዕቃ ገዝተው የሚያዝኑት ብዙ ጊዜ የመስኖ ጥያቄ ይዘው የጤና ካሜራ የገዙ ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው የፒክስል መጠን ነው። አንድ ፒክስል መሬት ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሸፍን በቀላሉ ይሰላል፦ የሴንሰሩ ስፋት በበረራው ከፍታ ይባዛል፣ ከዚያ በሌንሱ የትኩረት ርቀትና በምስሉ የጎን ፒክስል ብዛት ብዜት ይካፈላል። ለምሳሌ ባለ 20 ሜጋፒክስል፣ ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ካሜራ እንውሰድ። የሴንሰሩ ስፋት 13.2 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 8.8 ሚሊ ሜትር፣ የምስሉ ስፋት 5472 ፒክስል ነው። በ30 ሜትር ከፍታ አንድ ፒክስል 0.82 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ በ60 ሜትር 1.64፣ በ100 ሜትር 2.74።

ለቆጠራ የሚበጀው ደንብ የችግኙ ቅጠል ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ 10 ፒክስል እንዲይዝ ማድረግ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር የተንሰራፋ ቁጥቋጦ በ90 ሜትር ከፍታም ይቆጠራል። 8 ሴንቲ ሜትር የሆነው ወደ 30 ሜትር መውረድ ይፈልጋል። በትሪ ውስጥ ያለ 3 ሴንቲ ሜትር ቡቃያ ግን 11 ሜትር ገደማ ድረስ ያስወርዳል፣ እዚያ ደግሞ የድሮኑ ነፋስ ቡቃያውን ያወዛውዘዋል፣ ምስሎቹም አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥሙም። ትሪ ላይ ያለ ቡቃያ በእጅ በተያዘ ካሜራ ይነሳ። ለዚህ ሥራ ድሮን አይገዛም።

ሦስተኛው መለኪያ የቦታ ትክክለኛነት ነው። ለቆጠራ ግማሽ ሜትር መሳሳት ምንም አይደለም። ለውሃ መውረጃ ቦይ ግን ሁሉም ነገር ነው። አራተኛው ድግግሞሽ ነው፤ ፖት ውስጥ ያለ ችግኝ በቀን አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ውሃ ስለሚጠጣ የሳምንት ዕድሜ ያለው የውሃ ካርታ ታሪክ ሆኗል። የመጨረሻው ከበረራ በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ነው፤ ሰው ዘወትር አሳንሶ የሚገምተው ይህንን ነው።

በእግር መቃኘት

የሁሉም አማራጭ መነሻና ማመሳከሪያ ይህ ነው። የቅጠል ጀርባ ላይ የተደበቀ ተባይ፣ የሥር መበስበስ፣ ፖቱ ውስጥ የተጠራቀመ ጨው ከላይ አይታይም። ድክመቱ ፍጥነቱ ነው፤ ቃኚው መንገድ ዳር ያሉትን መደቦች ደጋግሞ ያያል፣ መሃል ያሉትን ይዘላል። ከ1 ሄክታር በታች ለሆነ ጣቢያ የመደብ ኮድ፣ የቅኝት ቅጽ፣ የመስኖ ግፊት መለኪያና የውሃ ቆጣሪ ከማንኛውም ድሮን ቀድመው ይገዙ። አብዛኛውን የውሃ ችግር ግፊት መለኪያው ቀድሞ ይናገራል።

ተራ የቀለም ካሜራ ያለው ድሮን

ለብዙ ጣቢያዎች ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ቆጠራ ይሠራል፣ የተቀደደ ፕላስቲክ፣ የወደቀ ፖት፣ ባዶ መደብና የቆመ ውሃ ያሳያል። ቅጠሉ ሲገረጣም ከመንገድ ላይ ሆኖ ከሚያየው ሰው ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል።

የአንድ በረራ ስሌት ቢታይ ጥሩ ነው። 200 ሜትር በ200 ሜትር፣ ማለትም 4 ሄክታር መሬት በ30 ሜትር ከፍታ ይነሳ እንበል። አንድ ምስል 45 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። የጎን መደራረቡ (ምስሎቹ ወደ አንድ ካርታ እንዲገጣጠሙ ጎን ለጎን ያሉት የሚጋሩት ስፋት) 75 በመቶ ሲሆን በበረራ መስመሮች መካከል 11 ሜትር ያህል ይኖራል፣ መስመሮቹ 18 ይሆናሉ፣ ጠቅላላ ርቀቱም 3600 ሜትር። የፊት መደራረቡ 80 በመቶ ሲሆን በየ6 ሜትሩ አንድ ምስል፣ በድምሩ 600 ምስል ይነሳል። በሰከንድ 3 ሜትር ቢበር 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ መጠምዘዣው ሳይቆጠር። ሳጥኑ ላይ 30 ደቂቃ የሚል ባትሪ በሥራ ላይ 20 ደቂቃ ቢሰጥ ነው፤ ምክንያቱም 25 በመቶ ሲቀረው መሬት መንካት አለበት። ስለዚህ ለዚህ መሬት ሁለት ባትሪ የግድ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ለመጠባበቂያ።

የካሜራው የመዝጊያ ፍጥነትም እዚሁ ይታሰብ። በሰከንድ 3 ሜትር የሚበር ድሮን በ1/500 ሰከንድ ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ ፒክስሉ 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይህ ምስሉን ለማደብዘዝ በቂ ነው። 1/1000 ሲሆን 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ይህ ይበቃል። ካሜራውን አውቶማቲክ ላይ የተወ ሰው ደመናማ ቀን ላይ የደበዘዘ 600 ምስል ይዞ ይመለሳል፣ ያንን የሚያውቀውም ማታ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ቆጠራው የሚሳሳተው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ ችግኞቹ ቅጠል ለቅጠል ሲነካኩ ሶፍትዌሩ ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራል። ስለዚህ ቆጠራው ፖቶቹ ተራርቀው በተደረደሩ ማግስት እንጂ ወር ቆይቶ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ችግኙ ሞቶ አረም የበቀለበት ፖት እንደ ችግኝ ይቆጠራል። ሦስተኛው ጥላ ነው፤ ጠዋት ረጅም ጥላ የጎረቤቱን ፖት ይሸፍናል። ለቆጠራ የሚሻለው ሰማዩን በእኩል የሸፈነ ስስ ደመና ወይም እኩለ ቀን ነው። በየጊዜው ሦስት መደብ በእጅ ይቆጠርና ከሶፍትዌሩ ጋር ይነጻጸር። ልዩነቱ ከ3 በመቶ በላይ ከሆነ ቁጥሩ ለሽያጭ ውል አይውልም፣ ለውስጥ ዕቅድ ግን ይጠቅማል።

አርቲኬ ያለው የካርታ ድሮን

አርቲኬ መሬት ላይ ካለ ጣቢያ እርማት እየተቀበለ የራሱን ቦታ በጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚያውቅ ሥርዓት ነው። ጥሩ ሲሠራ የጎን ስህተቱ ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የከፍታ ስህተቱ ከዚያ ይበልጣል። ተራው ድሮን ግን ካርታውን በሙሉ አንድ ሁለት ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ወደ ጎን ሊያንሸራትተው ይችላል።

ልዩነቱ የሚታየው ዕቅድ ላይ ነው። የፖት መደብ ከ1 እስከ 2 በመቶ ተዳፋት ሲኖረው ውሃው ሳይቆምም ሳይሸረሽርም ይወርዳል፤ በ40 ሜትር መደብ ላይ ይህ ከ40 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ነው። ተራ ድሮን ያለ መሬት መቆጣጠሪያ ነጥብ (ቦታውና ከፍታው በትክክል የተለካ መሬት ላይ ያለ ምልክት) ሲበር የመሬቱ ሞዴል መሃሉ እንደ ተገለበጠ ሳህን ይጎብጣል። ካርታው ላይ መሬቱ ከመሃል ወደ ዳር የሚያዘቀዝቅ ይመስላል፣ እውነቱ ግን ለጥ ያለ ነው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የተቆፈረ ቦይ ውሃውን ወደ መደቡ ይመልሰዋል።

ይህንን ስህተት ለማስወገድ አርቲኬ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ከ5 እስከ 8 የመቆጣጠሪያ ምልክቶችን ማዕዘን፣ ዳርና መሃል ላይ አስቀምጦ በተከራዩት የቅየሳ መሣሪያ መለካት፣ መስመሮቹን አቋርጦ ሁለተኛ ዙር መብረር፣ በዚያ ዙር ካሜራውን 20 እስከ 30 ዲግሪ ማዘንበል። ለአንድ ጊዜ ዕቅድ ይህ ከበቂ በላይ ነው። አርቲኬ ያለው ሰውም ቢሆን ቢያንስ ሦስት የማረጋገጫ ነጥብ መለካት አለበት፣ አለበለዚያ እርማቱ በመሃል ቢቋረጥ አያውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ፦ ካሜራ በቅጠል ሥር ያለውን መሬት አያይም። የተዳፋት ካርታ የሚነሳው መደቡ ባዶ ሲሆን ነው።

መልቲስፔክትራል ካሜራ

ይህ ካሜራ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ የቀይ ጠርዝና (በቀይና በኢንፍራሬድ መካከል ያለው) ዓይን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ለየብቻ ይለካል። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ይመጥጣል፣ ኢንፍራሬዱን ይመልሳል፤ ኤንዲቪአይ የተባለው ቁጥር የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል የሚገኝ ነው። ሰፊና ወጥ ማሳ ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው። በችግኝ ጣቢያ ግን ወጥመዱ ብዙ ነው።

ቀይና ወይን ጠጅ ቅጠል ያላቸው ዝርያዎች ጤነኛ ሆነው ሳለ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣሉ። እርጥብ ጠጠር ላይ የበቀለ አልጌ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ፖቶቹ ተራርቀው ሲቆሙ አንዱ ፒክስል ግማሹ ቅጠል ግማሹ ጥቁር ሸራ ስለሚሆን ቁጥሩ ስለ ጤና ሳይሆን ስለ ርቀት ይናገራል። ቅጠሉ መደቡን ሲሸፍን ደግሞ ኤንዲቪአይ ጣሪያ ይነካና መለየት ያቆማል፤ ያኔ በቀይ ጠርዝ የሚሰላው ኤንዲአርኢ ይሻላል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ አንድ ዝርያ፣ አንድ የፖት መጠን፣ አንድ የተከላ ቀን ካላቸው መደቦች ውጭ ማነጻጸር አይቻልም። ካርታውን በሙሉ በአንድ የቀለም ሚዛን መቀባት ትርጉም የለውም።

ከበረራው በፊትና በኋላ የማመሳከሪያ ሰሌዳው (ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ የታወቀ ሰሌዳ) በካሜራው ይነሳ፣ የሰው ጥላ ሳይነካው። ደመና እየመጣ የሚሄድበት ቀን ላይ የሚገኘው ልዩነት የደመናው ነው። የተገኘው ልዩነት ትክክል ቢሆን እንኳ ምክንያቱን አይነግርም፤ ናይትሮጅን ማነስ፣ ብረት ማነስ፣ የሥር መበስበስና የውሃ ጥም ሁሉም ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋሉ። ከፖቱ ሥር የሚወጣውን ውሃ ጨውነትና ፒኤች መለካት ከዚህ በኋላም ይቀራል። ዝርያቸው ጥቂት፣ መደባቸው ሰፊ ለሆነ ትላልቅ ጣቢያዎችና መሬት ላይ በቀጥታ ዛፍ ለሚያፈሉ ይመከራል። ለሌላው አይመከርም።

ቴርማል ካሜራ

ውሃ ያጣ ቅጠል የመተንፈሻ ቀዳዳውን ይዘጋል፣ በትነት መቀዝቀዙ ይቀራል፣ ይሞቃል። ቴርማል ካሜራ የሚያየው ይህንን ሙቀት ነው፣ ብዙ ጊዜም ችግኙ ለዓይን ከመጠውለጉ በፊት። የመስኖ ጥያቄ ላለው ጣቢያ ከመልቲስፔክትራል ይልቅ ገንዘቡ እዚህ ላይ ይዋል።

የተለመደው ምስል 640 በ512 ፒክስል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዝቅ ብሎ መብረር ይጠይቃል። ትክክለኛነቱ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደላይም ወደታችም ሊሳሳት ይችላል። ሊታመን የሚችለው በአንድ በረራ ውስጥ በጎረቤታሞች መካከል ያለው ልዩነት እንጂ የዲግሪው ቁጥር አይደለም። ካሜራው ከተከፈተ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ይቆይ። የሚበረው ፀሐይ ካናት ዘንበል ማለት ስትጀምር፣ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ሲረጋ ነው፤ የቀጣዩ ውሃ ሰዓት ከመድረሱ በፊት መሆኑ ግዴታ ነው። ስፕሪንክለር በቅርቡ ያረጠበው ቅጠል ሥሩ ደርቆም ቢሆን ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል። ጥቁር ፖትና ጥቁር ሸራም ከቅጠሉ እጅግ ስለሚሞቁ ፒክስሉ ቅጠል ላይ ብቻ ማረፍ አለበት።

የሚነበበው ቅርጹ ነው። ትኩሱ ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ የተዘጋ ወይም የታጠፈ የጠብታ መስኖ ቱቦ ነው። ከአንድ ነጥብ ጀምሮ ቱቦው መጨረሻ ድረስ እየሞቀ ከሄደ ግፊት አንሷል፣ ወይም ማጣሪያው ቆሽሿል። ግማሽ ክብ ወይም ቅስት ሲሆን የአንድ ስፕሪንክለር አፍ ተዘግቷል ወይም መሽከርከር አቁሟል። አንድ ብቸኛ ፖት ሞቆ ጎረቤቶቹ ቀዝቃዛ ከሆኑ የጠብታ ቱቦው ጫፍ ከፖቱ ወጥቶ መሬት ላይ እያፈሰሰ ነው። የዳሩ ረድፍ ብቻ ከሆነ ውሃው ሳይሆን የከሰዓት ፀሐይ የፖቱን ጎን እያጋለ ነው። ቅርጽ የሌለው፣ እየሰፋ የሚሄድ ነጠብጣብ ግን ሥር ወይም በሽታ ነው፤ ሠራተኛው መፍቻ ሳይሆን መኮትኮቻና ከረጢት ይዞ ይሂድ፣ ችግኙን ነቅሎ ሥሩን ይይ። ሥሩ ነጭ ሳይሆን ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነ ውሃ መጨመር ጉዳቱን ያባብሰዋል።

መስታወት ቴርማል ካሜራ የሚያየውን የሙቀት ጨረር አያሳልፍም፤ ከመስታወት ግሪንሃውስ በላይ የበረረ ቴርማል ካሜራ የሚያየው የጣሪያውን ሙቀት ነው። በሚሞቅ ግሪንሃውስ ላይ ሌሊት ሲበር ግን ሙቀት የሚያመልጥበትን ስንጥቅ ያሳያል።

የተቀረው በአጭሩ

ሳተላይት፦ የሴንቲኔል 2 ምስል ነጻ ነው፣ ግን አንድ ፒክስሉ 10 በ10 ሜትር ነው። ሁለት ሜትር የሚሰፋ መደብ ውስጡ ይጠፋል። መሬት ለመምረጥና አካባቢውን ለማየት ብቻ ይረዳል። ባለ ክንፍ ድሮን፦ ፈጣን ነው፣ ዝቅ ብሎ ቀስ ማለት አይችልም፣ ለችግኝ ጣቢያ አይሆንም። የተከራየ አገልግሎት፦ ለመሬት ዕቅድና ለዓመታዊ ቆጠራ ከግዢ ይሻላል፣ ለውሃ ግን አይሆንም፣ ባለሙያው እስኪመጣ ችግኙ ይደርቃል። ውሉ ላይ ጥሬ ምስሎቹ፣ በጂኦቲፍ (የቦታ መረጃ በውስጡ የያዘ የምስል ፋይል) የተሠራው ካርታ፣ የመሬት ከፍታ ሞዴሉና የማረጋገጫ ነጥቦች ስህተት በቁጥር እንዲሰጥ ይጻፍ። ፒዲኤፍ ብቻ የሚያስረክብ ሰው ጋር አይዋዋሉ።

| አማራጭ | ቆጠራ | መስኖ | ጤና | ዕቅድ | ወጪ (ተራ ድሮን 1 ሲባል) |
|---|---|---|---|---|---|
| በእግር | ዝግተኛ | ጥሩ፣ ከግፊት መለኪያ ጋር | ከሁሉ የተሻለ | ደካማ | ጉልበት ብቻ |
| ተራ የቀለም ድሮን | በጣም ጥሩ | ግልጽ የሆነውን ብቻ | መካከለኛ | ከመቆጣጠሪያ ነጥብ ጋር ጥሩ | 1 |
| አርቲኬ ድሮን | በጣም ጥሩ | ግልጽ የሆነውን ብቻ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | እጥፍና ከዚያ በላይ |
| መልቲስፔክትራል | ጥሩ | ዘግይቶ | ወጥ መደብ ላይ ጥሩ | አርቲኬ ካለው በጣም ጥሩ | ብዙ እጥፍ |
| ቴርማል | ደካማ | በጣም ጥሩ | መነሻ ይሰጣል | አይሆንም | ብዙ እጥፍ |
| የተከራየ | ጥሩ | አይሆንም | እንደ ካሜራው | በጣም ጥሩ | በየበረራው |

ለማን የትኛው

ከ1 ሄክታር በታች ከሆነ አይግዙ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይከራዩ። ከ1 እስከ 10 ሄክታር፣ ዝርያው ብዙ ለሆነ ጣቢያ ተራ የቀለም ድሮን፣ ሦስት ባትሪና በነጻ የሚገኙት ኦፕን ድሮን ማፕ (ምስሎቹን ወደ ካርታ የሚገጣጥም ሶፍትዌር) እና ኪውጂአይኤስ (ካርታውን ለማየትና መደቦቹን ለመሳል) ይበቃሉ። ለ600 ምስል ኮምፒውተሩ ቢያንስ 16፣ ቢቻል 32 ጊጋባይት ራም ይኑረው። አዲስ መሬት የሚያለሙ ለዚያ ዓመት አርቲኬ ይከራዩ እንጂ አይግዙ። የውሃ ወጪያቸው ከፍ ያለ፣ በጠብታ መስኖ ውድ ዛፍ የሚያሳድጉ ቴርማል ይግዙ፣ ተራ የቀለም ካሜራም አብሮት ያለውን ይምረጡ። ከጥላ መረብ ሥር የሚያፈሉ ከሁሉም በፊት መረቡ ከሥሩ ያለውን ለካሜራው ምን ያህል እንደሚያሳይ በተከራየ ድሮን ይሞክሩ።

የማንኛውም ምርጫ ግማሹ ወጪ የማይታይ ነው። እያንዳንዱ መደብ በካርታው ላይ ኮድ፣ ዝርያ፣ የፖት መጠንና የተከላ ቀን ይዞ መሳል አለበት፤ ያለዚህ ካርታው ፎቶ ብቻ ነው። ፖቶቹ ሲዛወሩም ካርታው በዚያው ቀን ይታረም። ባትሪ ሞልቶ ለሳምንታት ከተቀመጠ ሊያብጥ ይችላል፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ ላይ ይቀመጥ። ድሮኑ በራሱ ወደ ተነሳበት ቦታ የሚመለስበት ከፍታ ከረጅሙ ምሰሶና ከመረቡ ገመድ በላይ ይስተካከል፣ ቀጭን ሽቦ በድሮኑ ካሜራ አይታይም። ብዙ አገር ምዝገባ ወይም ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ የተለመደው ጣሪያ 120 ሜትር ገደማ ነው። ሠራተኞች በምሳ ዕረፍት ላይ ሲሆኑ መብረር ሕጉንም ደኅንነቱንም ያቀልላል።

ከመክፈል በፊት አንድ ፈተና

ሻጩ ማሳያ በረራ ሲያደርግ ጣቢያውን ያዘጋጁለት። ከአንድ መደብ 15 ፖት ያንሱ፣ በሌላ መደብ ለ20 ፖቶች የጠብታ ቱቦውን ጫፍ ከጠዋት ጀምሮ ይንቀሉ፣ አንድ ቦታ ላይ በሜትር ለክተው 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ያስቆፍሩ። የት እንዳሉ አይንገሩት። ካርታውን ሲያመጣ የጎደሉትን ፖቶች ቁጥር፣ የተጠሙትን መደብ ኮድና የጉድጓዱን ጥልቀት ይጠይቁት። ከሦስቱ እናንተ የምትፈልጉትን አንዱን በትክክል ካላገኘው ያ ካሜራ ለእናንተ ጥያቄ አይሆንም፤ የተያዘውን በጀት ለአዲስ ማጣሪያና ለተጨማሪ ቃኚ ያውሉት።